ስለ ከብት ደስታ በሽታ መጥፋትና ስለ ሊቃውንትና ሹማምንት መረዳዳት

የከብት ደስታ በሽታ በአገራችን ያደረሰውን ጥፋት ከአባቶቹ ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ገብቶ ከቆላ እስከ ደጋ ያለውን ከብት ፈጀ። በሬ ባለቀበት አገር እርሻ ቆመ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨምሮበት ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ ሆነ። ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡን ለማበረታታት በገዛ እጃቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደረሱ።

ይህ በሽታ ዛሬ ከምድር ላይ ጠፍቷል፤ መጥፋቱም በ2003 ዓ.ም. ለዓለም ሁሉ ተነገረ። እንዴት እንደ ጠፋ ማወቅ አገር ለሚያስተዳድር ሁሉ ትምህርት ነው፤ መድኀኒት ብቻውን አላጠፋውምና።

ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም በ1950ዎቹ ዓመታት በኬንያ፥ ሙጉጋ በሚገኘው የምርመራ ቤት የታመነ ክትባት አዘጋጀ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም ብዙ የአፍሪካ መንግሥታት ተባብረው በሚሊዮን የሚቈጠር ከብት አስከተቡ። በሽታው እየቀነሰ ሲሄድ ግን ሥራው ያለቀ መስሎ ገንዘቡም ትጋቱም ላላ። በጥቂት ስፍራ ተሸሽጎ የቀረውም በ1970ዎቹ ዓመታት ተመልሶ ብዙ አገር አዳረሰ።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ በሽታው የተሸሸገበትን ስፍራ ይመረምሩ ጀመር። በኢትዮጵያ ሥሩ የቀረው በደጋው ሳይሆን አርቢው ከከብቱ ጋራ በሚዘዋወርበት በቆላው፥ ይልቁንም በአፋር ምድር እንደ ሆነ ታወቀ። ወደዚያ ለመድረስ ግን ሁለት መሰናክል ነበረ። አንደኛው፥ ክትባቱ በበረዶ ካልተያዘ በሙቀት ይበላሻል፤ ሁለተኛው፥ የመንግሥት ከታቢ አርቢውን በየበረሃው ተከትሎ ሊደርስበት አይችልም። የመጀመሪያውን ሊቃውንቱ አነሡት፤ ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል የሚቈይ ክትባት አዘጋጁ። ሁለተኛውን ግን ሊያነሣ የሚችል መንግሥት ነበረ፤ ከብት መክተብ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራ ሆኖ ይኖር ነበርና። የእርሻ ሚኒስቴር ኃላፊዎችም፥ አፋሮች ከመካከላቸው የመረጧቸው ሰዎች ተምረው የወገናቸውን ከብት እንዲከትቡ ፈቀዱ። በ1986 ዓ.ም. ግድም 20 የሚያህሉ እንደዚህ ያሉ ከታቢዎች ከ70 ሺህ በላይ ከብት ከተቡ፤ ደሙ ሲመረመርም ከተከተበው ከ100ው ከ80 የሚበልጠው ክትባቱ ሠርቶለት ተገኘ። በሽታው በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ በ2000 ዓ.ም. አገሪቱ ከበሽታው ነጻ መሆኗ ተመሰከረ።

ከዚህ እንደምንረዳው፥ ሊቁ መድኀኒቱን ያውቃል፤ አርቢው ከብቱንና መንገዱን ያውቃል፤ ሁለቱን ማገናኘት ግን የሹም ሥራ ነው።

አሁንም ደስታ መሰል የሆነውን የበግና የፍየል በሽታ እስከ 2022 ዓ.ም. ከዓለም ለማጥፋት ታስቧል። ስለዚህ በየግዛቱ ያለ ሹም ሁሉ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይገባዋል። መጀመሪያ፥ በግና ፍየል መሞቱን በሰማ ጊዜ ገበያ ይዘጋብኛል ብሎ ሳይደብቅ ፈጥኖ ያስታውቅ፤ የተደበቀውን በሽታ ሐኪም አያገኘውምና። ሁለተኛ፥ ከታቢው ከመምጣቱ አስቀድሞ መንጋው መቼና ወዴት እንደሚሄድ ከአርቢዎቹ ሽማግሌዎች ጠይቆ ለመርማሪዎቹ ይንገር። ሦስተኛ፥ በሽታው የጠፋ ሲመስል፥ መጥፋቱ ተመርምሮ እስኪረጋገጥ ድረስ ለሥራው የተመደበውን ገንዘብና ሰው ወደ ሌላ አያዙር።