የአሞኒያ ነበልባልና የፕላዝማ ብልጭታ

አሞኒያ ለገበሬው የዩሪያ ማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ነው። ለመርከብ ባለቤቶችና ለኤሌክትሪክ አመንጪዎች ደግሞ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነዳጅ ሆኖ መታየት ጀምሯል። ሞለኪውሉ ከአንድ ናይትሮጂንና ከሦስት ሃይድሮጂን አቶሞች የተሠራ በመሆኑ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያወጣም። ሃይድሮጂን ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት፤ ለአሞኒያ ግን ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ይበቃዋል። በዓመት 180 ሚሊዮን ቶን ያህል ስለሚመረትም ማጠራቀሚያውና ማጓጓዣው አዲስ አይደለም።

በነዳጅነቱም ቢሆን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናፍጣ ሲጠፋ ቤልጂየም ውስጥ አውቶቡሶች በአሞኒያ ተንቀሳቅሰዋል። የአሜሪካው ኤክስ-15 የሮኬት አውሮፕላንም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የበረረው በአሞኒያና በፈሳሽ ኦክስጅን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ጃፓን ውስጥ የሄኪናን የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ከአንዱ ዩኒት ነዳጅ 20 በመቶውን በአሞኒያ ተክቶ ሞክሯል። በዚያው ዓመት ሳኪጋኬ የተባለችው ጎታች ጀልባ በቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ በአሞኒያ ሞተር ሥራ ጀምራለች።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣው

ችግሩ አሞኒያ በቀላሉ የማይነድ መሆኑ ነው። ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲቀጣጠል ነበልባሉ በሰከንድ 7 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ከዚህ አምስት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። የአየሩ ፍሰት ትንሽ ሲበረታ ነበልባሉ ይጠፋል።

ከካርቦን ነጻ ቢሆንም ጭሱ ንጹሕ አይደለም። ናይትሮጂኑ በነዳጁ ውስጥ ስላለ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም አየር በካይ ከመሆኑ ሌላ ለአሲድ ዝናብ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው፤ በ100 ዓመት ስሌት እያንዳንዱ ኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ሦስተኛው ሳይነድ የሚያመልጠው አሞኒያ ሲሆን መርዛማ ነው። አስቸጋሪው ነገር ሦስቱ በአንድ ጊዜ አለመቀነሳቸው ነው። ነበልባሉ ሲግል ናይትሪክ ኦክሳይድ ይበዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድና ያልነደደ አሞኒያ ይወጣል።

እስካሁን የታወቁት መላዎች ሁለት ናቸው። አንዱ አሞኒያውን መጀመሪያ አየር አሳንሶ፣ ቀጥሎ አየር ጨምሮ በሁለት ደረጃ ማንደድ ነው። ሌላው ጭሱን በካታሊስት ማሳለፍ ነው፤ በዚህ ዘዴ አሞኒያው ራሱ ናይትሪክ ኦክሳይዱን ወደ ናይትሮጂንና ውሃ ይመልሰዋል። ካታሊስቱ በሚገባ የሚሠራው ግን ጭሱ 300 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። ሞተር ሲነሳና ሸክሙ ሲቀንስ ጭሱ ይህን ሙቀት ላያገኝ ይችላል።

ፕላዝማው ምን ይጨምራል?

ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ ነው። ነበልባሉን ለማጽናትና በካዮቹን ለመቀነስ የሚፈለገው እንደ ብየዳ ብልጭታ የሚፋጀው ሳይሆን በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። አምፖሉ በርቶ ሳለ በእጅ ሊነካ ይችላል፤ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ግን በሙቀት ቢለኩ ከ10,000 ዲግሪ በላይ ናቸው። ጋዙ ሳይግል ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ጉልበት ይይዛሉ ማለት ነው። በቤተ ሙከራ ይህ የሚገኘው በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ናኖ ሰከንድ ብቻ የሚቆዩ ብልጭታዎችን በነበልባሉ ሥር በማፈንዳት ነው።

እነዚህ ኤሌክትሮኖች የአሞኒያን ሞለኪውል ሲመቱት ይሰነጥቁታል። ከስንጥቁ የሚወጣው ሃይድሮጂን ቶሎ ስለሚቀጣጠል ነበልባሉ ይጸናል። የሚቀረው ቁራጭ፣ አንድ ናይትሮጂንና ሁለት ሃይድሮጂን የያዘው፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲያገኝ ተያይዘው ወደ ናይትሮጂንና ውሃ ይለወጣሉ። ካታሊስቱ ከጭስ ማውጫው ላይ የሚሠራውን ሥራ ነበልባሉ ራሱ ውስጥ ማከናወን እንደማለት ነው። በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ጥናት በናኖ ሰከንድ ብልጭታ ነበልባሉን ማጽናትና ናይትሪክ ኦክሳይዱን መቀነስ በአንድነት እንደሚቻል አሳይተዋል። በሳዑዲ ዓረቢያ የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መስክ ይመራመራል።

ያው መሣሪያ ግን ተቃራኒውንም ያደርጋል። ኖርዌያውያኑ ክርስቲያን ቢርክላንድና ሳም አይደ እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ አየርን በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በማሳለፍ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያመርቱ ነበር፤ በ1905 በኖቶደን በተከፈተው ፋብሪካ ከዚሁ ማዳበሪያ ሠርተዋል። ዛሬ የሚፈራውን ጋዝ ያኔ ሆን ብለው ያመረቱት በፕላዝማ ነው። ልዩነቱ ያለው በሙቀቱና በቦታው ላይ ነው። ብልጭታው ሲግልና ትርፍ ኦክስጅን ሲያገኝ በካዩን ይወልዳል፤ ቀዝቀዝ ብሎ አሞኒያ በበዛበት ስፍራ ሲያርፍ ደግሞ ያጠፋዋል።

ገና ያልተፈቱት

የቤተ ሙከራ ነበልባሎች በአብዛኛው ትንንሽና በተራ የአየር ግፊት የሚነዱ ናቸው። በተርባይንና በሞተር ውስጥ ግን ግፊቱ ከዚያ በአሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል፤ ግፊት ሲጨምር ብልጭታውን ለመፍጠር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ይንራል፣ ኤሌክትሮዶቹም ቶሎ ይበላሉ። ፕላዝማው የሚወስደው ኤሌክትሪክም ከሚመነጨው ላይ የሚቀነስ ነው። ናይትሪክ ኦክሳይዱ ቀንሶ ናይትረስ ኦክሳይዱ ቢጨምር ደግሞ ትርፉ ኪሳራ ይሆናል። በዚያ ላይ ዛሬ የሚመረተው አሞኒያ አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ነው፤ ካርቦኑ ከጭስ ማውጫው ባይታይም በፋብሪካው በኩል ወጥቷል።

ስለዚህ ፕላዝማን ካታሊስቱን የሚያስቀር ተተኪ አድርጎ ማቅረብ ገና ነው። ይበልጥ የሚያስኬደው ካታሊስቱ በማይደርስበት ሰዓት፣ ማለትም ሞተር ሲነሳ፣ ሸክም ሲቀንስና ነበልባል ሊጠፋ ሲል እንዲያግዝ ማድረግ ነው። ውጤቱም መለካት ያለበት በአንድ ጋዝ መቀነስ ብቻ ሳይሆን ሦስቱ በካዮችና የፈጀው ኤሌክትሪክ በአንድ ሂሳብ ላይ ተደምረው ነው።