ጥቁር ጉድጓዶችን ያጋጠመው ስሌት

ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋሕደው አንድ ሲሆኑ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ብርሃን አያመልጣቸውም፤ ያሉበትም እጅግ ሩቅ ነው። ሆኖም አንዱ በሌላው ዙሪያ እንዴት እንደሚሽከረከር፣ እንዴት ተቀራርበው እንደሚዋሐዱ ዛሬ ኮምፒውተር አስልቶ ያሳያል።

መነሻው አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1915 ያወጣቸው የስበት ቀመሮች ናቸው። ዐሥር ናቸው፤ አንዱ ሳይፈታ ሌላው አይፈታም። ለአንድ ጥቁር ጉድጓድ በእርሳስና በወረቀት መልስ ተገኝቶላቸዋል። ሁለት ሲሆኑ ግን ወረቀቱ አልበቃም። ስለዚህ ጠፈሩን እንደ ዓሣ መረብ በትናንሽ ዓይኖች ከፋፍሎ፣ ጊዜውንም ቆራርጦ፣ በእያንዳንዷ ዓይን ያለውን ስበት ደጋግሞ ማስላት የኮምፒውተር ድርሻ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ተመራማሪዎቹ ሱዛን ሃን እና ሪቻርድ ሊንድክዊስት በአይቢኤም ማሽን ሞከሩት፤ ስሌቱ ብዙ ሳይራመድ ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው እንኳ አንድ ሙሉ ዙር ማዞር አቃታቸው። ጥፋቱ የማሽኑ አቅም ብቻ አልነበረም። በጥቁር ጉድጓድ እምብርት ስበቱ ወሰን ያጣል፤ ወሰን የሌለው ቁጥር የገጠመው ኮምፒውተር ደግሞ ይቆማል። በዚያ ላይ በየእርምጃው የሚፈጠሩ ኢምንት ስሕተቶች እየተባዙ መልሱን ይውጡታል።

እ.ኤ.አ. በ2005 የፊዚክስ ተመራማሪው ፍራንስ ፕሪቶሪየስ፣ ጉድጓዶቹ ዞረው፣ ተዋሕደው፣ ከዚያም ረግተው እስኪያበቁ ድረስ የዘለቀ ስሌት ይዞ ቀረበ። እምብርቱን ከመረቡ ቆርጦ አወጣው። ድፍረት ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን ጽኑ ነው፦ የጉድጓዱን ድንበር ያለፈ ነገር ተመልሶ ስለማይወጣ፣ ውስጥ የተቆረጠው ውጭ ያለውን አይነካም። ስሕተቱንም ገና ሲያቆጠቁጥ የሚያከስም ተጨማሪ ስሌት ጨመረበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቴክሳስ ብራውንስቪል እና በናሳ ጎዳርድ ማዕከል የነበሩ ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ ምንም ሳይቆርጡ ጉድጓዶቹን በመረቡ ላይ እንደ ልብ የሚያስኬድ ሌላ ዘዴ አገኙ። የአርባ ዓመት ቋጠሮ በወራት ውስጥ በሁለት በኩል ተፈታ።

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) የስበት ሞገድ፣ ማለትም ጥቁር ጉድጓዶች ሲዞሩና ሲዋሐዱ የሚለቁት የጠፈር ርግብግቢት፣ ይህንኑ ለመያዝ በአሜሪካ የተተከሉትን ሁለት የላይጎ መሣሪያዎች ነካቸው። የቆየው ለ0.2 ሰከንድ ያህል ነው፤ በሰከንድ ከ35 እስከ 250 ጊዜ እየፈጠነ ተንቀጥቅጦ ድንገት ጸጥ አለ። የሞገዱ ቅርጽ በኮምፒውተር ከተሰላው ጋር ሲነጻጸር መሥመር በመሥመር ገጠመ። 36 እና 29 ፀሐይ የሚመዝኑ ሁለት ጉድጓዶች ተዋሕደው የቀረው 62 ነበር። የጎደለው የሦስት ፀሐይ ክብደት ሞገድ ሆኖ ሄዷል።

አሁን የሚያስቸግሩት አቻ ያልሆኑ ጥንዶች ናቸው። አንዱ ከሌላው መቶ እጥፍ ሲከብድ፣ ትንሹ ከመዋጡ በፊት ብዙ ጊዜ ይዞራል፤ ለትንሹ ሲባል የመረቡም ዓይን መጥበብ፣ እርምጃውም ማጠር አለበት። እንዲህ ያለው አንድ ስሌት ሱፐር ኮምፒውተርን ለወራት ይይዛል።