ሳያዩ የሚሰጥ ስም

ናትናኤል ጌታችን ከናዝሬት መሆኑን በሰማ ጊዜ ከዚያች መንደር በጎ ነገር መገኘቱን ተጠራጠረ። ፊልጶስ ግን አልተከራከረውም፤ መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ ጋበዘው እንጂ።

በሀገራችንም ሳያዩ ስም መስጠት አልቀረም። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በሐይቆች በሚያበቃበት በአፋምቦ የሚኖረው ሕዝብ ራሱን አፋር ሲል ሌላው «ደንከል» ብሎታል። ከብትና ግመል እያረባ በወንዙ ዳር በቆሎ የሚዘራውንም «ዘላን» ብለነዋል። በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን መጨረሻ ፍለጋ በአውሳ ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀርም ስለ ገዳይነቱ ጽፏል።

ይህ ሕዝብ ግን «ዳጉ» የሚባል ጥንታዊ ሥርዓት አለው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ አይተላለፉም፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላምና ስለ መጣው እንግዳ ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ወሬን ማዛባት በዳጉ ትልቅ ነውር ነው፤ በሐሰት ዜና መንጋም ሰውም ይጠፋልና።

እንግዲህ ለትምህርት ወደ ከተማ የሚመጣ የአፋምቦ ልጅ «ዘላን» ሲባል አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። ያላዩትን ማውራት ነውር መሆኑን ከአባቶቹ ተምሯልና።

የተወደዳችሁ አንባብያን! በሃይማኖት ብንለያይም አፋር ወገናችን ነው። በዛሬው የበዓል ማዕድ ዙሪያ ስለ ሌላው ወገን ክፉ ወሬ ሲነሣ፣ «ማን አየ?» ብለን እንጠይቅ።