ስለ ጓሮ አትክልትና በየወራቱ ስለሚበላው ምግብ

የሰው ልጅ የመጀመሪያ ሥራው አትክልት መጠበቅ እንደ ነበረ ኦሪትን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። አዳም በገነት የተቀመጠው ፍሬዋን ሊበላ ብቻ አልነበረም፤ ሊያበጃትና ሊጠብቃትም ነበር እንጂ። እንግዲህ መቆፈርና መትከል፥ የተከሉትንም አብስሎ በደስታ መብላት፥ ከጥንት ጀምሮ አንድ ሆነው የተሰጡን ናቸው። በዚህች ጽሕፈት የምናስረዳው ነገር ይህ ነው፤ በቤቱ አጠገብ ትንሽ የአትክልት ቦታ ያለው፥ ምግቡንም እንደ ወራቱ የሚያዘጋጅ ቤተ ሰብ፥ ጎተራው በሚጎድልበት ጊዜ እንኳ ማእዱ አይጎድልበትም።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በ4 ክፍል ይከፍሉታል። ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን፥ መፀው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን፥ በጋ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን፥ ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ነው። ምድርም በየክፍሉ የራሱን መብል ትሰጣለች። በክረምት ጎመን ይለመልማል፤ በነሐሴና በመስከረም የበቆሎው እሸት በፍም ላይ ይጠበሳል፤ በመፀው የባቄላውና የአተሩ እሸት ይደርሳል፥ ዱባውም ይቆረጣል፤ መፀው አልፎ በጋ ሲገባ የሽምብራው እሸት ይመጣል። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ስለ በረታ በርበሬው ይቀነጠሳል፥ ይደለዛል፥ ይሰጣል፤ ለዓመት የሚሆነውም ሽሮ ይሰናዳል። በጸደይ የበልግ ዝናብ በሚያገኝ አገር ድንች ይተከላል፤ በሌላው አገር ግን የጎተራው እህል መቀነስ የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከወራት ሁሉ የሚከብዱት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። በእነዚህ ወራት እርሻው ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ የሚበላ ፍሬ ገና የለበትም፤ አሮጌው እህል አልቆአል፥ አዲሱ አልደረሰም። በግንቦት ወይም በሰኔ ከቤቱ አጠገብ በፍግ በወፈረ መሬት ጎመን የዘራ ሰው ግን በዚህ ጊዜ ቅጠል እየቀነጠበ ልጆቹን ያበላል። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ በየመንደሩ ጎመንን የድኻ መብል ነው ብሎ መናቅ አለ፤ ይህም ንቀት ብዙ ሰውን ይጎዳል።

እኔ ራሴ በልጅነቴ ለቅኔ ትምህርት ወደ ጎጃም በሄድሁ ጊዜ፥ በሐምሌ ወር አንድ ቀን አኩፋዳዬን ይዤ ከአንዲት ሴት ደጅ ቆሜ «በእንተ ስማ ለማርያም» አልሁ። እርስዋም ወደ ደጅ ወጥታ «ተሜ፥ እግዜር ይስጥህ፤ ዛሬ የሚቀመስ የለኝም» አለችኝ። ነገር ግን ከቤት ውስጥ የድስት ሽታ ይመጣ ነበርና «እማማ፥ ይህ የሚሸተው ምንድር ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጎመን ነው ልጄ፤ ለሰው የሚሰጥ ሆኖብኝ አይደል፤ አፍሬ ነው» አለችኝ። ለመንኋትና ጥቂት የገብስ ዱቄት ነስንሳ የቀቀለችውን ጎመን በቅል አድርጋ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ በብዙ ማእድ ቀርቤአለሁ፤ እንደዚያ ያጠገበኝ ግን ጥቂት ነው። ያች ሴት በክረምት ልብ ልጆችዋን የምታበላው ነገር ማግኘትዋ ሊያስመሰግናት ሲገባ ስታፍርበት ማየቴ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በአገራችን በደረሰው ክፉ ቀን፥ ከብቱ ሁሉ በበሽታ ባለቀ ጊዜ፥ የሚያርስ በሬ ጠፋ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በእጃቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ለሕዝቡ አርአያ እንደ ሆኑ በታሪክ ተጽፎአል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ ይኸውም በሬ የሌለው ሰው ሰፊ እርሻ ማረስ ባይችል እንኳ በዶማ የሚቆፈር ጓሮ አያጣም።

መንገደኛም የሄደበትን አገር ማእድ ቢያስተውል ብዙ ጥበብ ይዞ ይመለሳል። በጉራጌ፥ በሲዳማና በጌዴኦ እንሰት በየቤቱ ዙሪያ ተተክሎ ይገኛል። መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ግንዱና ሥሩ ነው። ግንዱ ተፍቆ በቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ከቦካ በኋላ ቆጮ ይሆናል፤ ከተጨመቀው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ይባላል፤ ሥሩ ሲቀቀል አሚቾ ነው። እንሰት ለዓመታት በመሬት ላይ ቆሞ ስለሚጠብቅ እንደ ሕያው ጎተራ ይቈጠራል። የጌዴኦ ሰዎች እንሰትንና ቡናን ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚያለሙበት ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም ቅርስ ተመዝግቦአል። በ2003 ዓ.ም. የተመዘገበው የኮንሶ ምድርም ተራራው ሁሉ በድንጋይ እርከን የተያዘ ነው፤ በዚያም በየቤቱ አጠገብ የሚተከለው የሽፈራው ዛፍ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። በወለጋ ደግሞ አንጮቴ የሚባለው ሥር ለመስቀል በዓል ተቀቅሎ በቅቤ ይቀርባል። እነዚህ ሁሉ ከቤት አጠገብ የሚገኙ፥ በሰው እጅ የሚኮተኮቱ ናቸው።

ዛሬ የእኛ ነው የምንለው መብልም ብዙው በመንገደኛ እጅ የመጣ ነው። በርበሬ፥ በቆሎና ድንች የተገኙት ከአሜሪካ ምድር ስለ ሆነ፥ ከ1492 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በፊት በአገራችን አልነበሩም። ድንችንም በ1858 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ያስገባው በትግራይ ይኖር የነበረ ሺምፐር የሚባል የጀርመን አገር የዕፀዋት ሊቅ ነው። እንግዲህ አዲስ ዘር መቀበል የአባቶችን ልማድ መተው አይደለም።

የጓሮ አትክልት ለመጀመር የሚያስፈልገው እንደዚህ ነው።

1ኛ፤ ቦታው ለቤትና ለውሃ የቀረበ፥ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን፤ ከዶሮና ከፍየል እንዲጠበቅም በደንብ ይታጠር።

2ኛ፤ የመደቡ ወርድ ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ይህም ከሁለቱም ወገን ቆመው ሳይረግጡት እንዲኮተኩቱት ነው።

3ኛ፤ ፍግ ሳይበሰብስ ትኩሱን አይጨመር፥ ተክሉን ያቃጥላልና። ከበሰበሰ በኋላ ግን ከአፈሩ ጋር ይደባለቅ።

4ኛ፤ በጎመንና በጎመን መካከል አንድ ክንድ ያህል ይተው። ቅጠሉም ከታች እየተቀነጠበ ጫፉ ቢተው ብዙ ጊዜ ያገለግላል።

5ኛ፤ በበጋ ሳሙና የሌለበት የእህልና የአትክልት እጣቢ ለመደቡ ይፍሰስ።

6ኛ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ተክል ሳይበላ ለዘር ይቆይ፤ ደካማውን ለዘር የሚያስቀር ሰው ከዓመት ወደ ዓመት እየከሳ ይሄዳል።

አበሳሰሉም ዕውቀት ይፈልጋል። ጎመን አስቀድሞ ይታጠብና በኋላ ይከተፍ፤ በጥቂት ውሃ ተከድኖ ይብሰል፥ ውሃውም አይደፋ፤ ብዙ ውሃ ውስጥ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ቪታሚን ከሚባለው ኃይል ብዙው አብሮ ይጠፋል። ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት፤ በጎመን፥ በካሮትና በቢጫ ዱባ ያለው ዓይንን የሚጠብቅ ኃይል ያለ ስብ በሚገባ ለሰውነት አይደርስምና። ይህ ኃይል የጎደለው ሕፃን ማታ ማታ ማየት ይሳነዋል፤ ይህም ሕዝባችን ዳፍንት የሚለው በሽታ ነው። እንጀራን ከምስር፥ ከሽሮ ወይም ከባቄላ ጋር መብላትም እጅግ የተስማማ ነው፤ በእህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላዋልና፥ በጾም ወራት እንኳ ሰውነት አይደክምም። በፀሐይ ተመትቶ አረንጓዴ የሆነ ድንች ግን መርዝ አለበትና አይበላ።

መምህራን ሆይ፤ በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ለእያንዳንዱ ክፍል 1 መደብ ስጡ። ልጆቹ የዘሩትን ራሳቸው ይኮትኩቱ፤ በደረሰም ጊዜ በአንድ ድስት አብስላችሁ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገበታ ብሉ። ልጅ መምህሩ ጎመን አክብሮ ሲበላ ያየ እንደ ሆነ፥ ወደ ቤቱ ሄዶ በእናቱ ድስት አያፍርም። እናንተም አባቶች፥ የየዘሩን ስምና የሚዘራበትን ወራት፥ የቀድሞውንም አበሳሰል ለልጆች ንገሩ፤ በመጽሐፍ ካልተጻፈው ብዙው ከእናንተና ከቤት እመቤቶቻችሁ ዘንድ ይገኛልና። በሚመጣው ሐምሌ በደጃችን የሚቆም እንግዳ፥ ያለንን ያለ ኀፍረት የምናቀርብለት ይሁን።