ሳንቲሙን ሳይበሱ ማስጓዝ

ጂኦካቺንግ የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ትናንሽ ሣጥኖችን ጫካ ውስጥ፣ ድልድይ ሥር ወይም መናፈሻ ዳር ይደብቃሉ፤ ሌሎች ደግሞ በጂፒኤስ እየተመሩ ይፈልጓቸዋል። ሣጥኖቹ ውስጥ አልፎ አልፎ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ የብረት መለያ ይገኛል። መለያው ከአንድ ዕቃ ጋር ታስሮ ከሣጥን ወደ ሣጥን፣ ከአገር ወደ አገር ይዞራል። ያገኘው ሰው ቁጥሩን በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ሲያስገባ፣ ባለቤቱ ዕቃው የት እንደ ደረሰ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል።

ለዚህ ጉዞ መታሰቢያ ሳንቲም የሚመርጡ ብዙ ናቸው። ሳንቲም ትንሽ ነው፣ አይሰበርም፣ የወጣበትን አገርና ዓመት ፊቱ ላይ ይዞ ይዞራል። ግን ማንጠልጠያ የለውም። መለያውን የት ላድርገው የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው መሰርሰሪያ ወይም ሙጫ ነው። ሁለቱም ሳንቲሙን ያበላሻሉ፤ ሁለቱም ደግሞ አያስፈልጉም።

መለያው ምንድን ነው?

ጨዋታው የተጀመረው በ2000 ነው፤ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እስከዚያ ዓመት ሜይ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚዎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ማዛባቱ እንደ ቆመ፣ ሜይ 3 ቀን፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ግዛት ቢቨርክሪክ አጠገብ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን አቅጣጫ ቁጥሮች በኢንተርኔት ለቀቀ። ባልዲው በቀናት ውስጥ ተገኘ፤ ጨዋታውም ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ።

ተጓዡ መለያ ትራቭል በግ ይባላል። ቅርጹ ወታደር አንገቱ ላይ የሚያጠልቀው የስም ሰሌዳ ነው። ሲገዛ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት መለያዎችና ከጥቃቅን የብረት ዶቃዎች የተሠራ አጭር ሰንሰለት አብረው ይመጣሉ። አንዱ መለያ ይጓዛል፣ ሌላው ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። ከዚህ ሌላ ጂኦኮይን የሚባል፣ ለጨዋታው ተብሎ የሚመታና ቁጥሩ በራሱ ላይ የተቀረጸ ሳንቲም አለ፤ እሱ ተጨማሪ መለያ አይፈልግም። የማያያዝ ጣጣ የሚመጣው ለሌላ ነገር መታሰቢያ ተብሎ የተመታ ሳንቲም ሲሆን ነው።

በጨዋታው ውስጥ የሚቆጠረው ቁጥሩ እንጂ ብረቱ አይደለም። ናሳ በ2020 ወደ ማርስ ያመጠቀው ፐርሲቪራንስ የተባለ ተሽከርካሪ፣ ከመሣሪያዎቹ አንዱን ለማስተካከል የሚጠቀምባቸውን ናሙናዎች ይዞ ሄዷል። ከእነሱ አንዱ ለጠፈርተኛ የራስ ቁር ፊት መከለያ የሚያገለግል ፕላስቲክ ነው፤ እዚያ ላይ የጂኦካቺንግ መከታተያ ቁጥር ተጽፎበታል። ሰንሰለት አልተንጠለጠለበትም፤ ሆኖም እንደማንኛውም ተጓዥ መለያ ይቆጠራል። ቁጥሩ ከዕቃው ጋር አብሮ እስከሄደና እስከተነበበ ድረስ፣ የግድ ከዕቃው ገላ ጋር መጣበቅ የለበትም።

ሳንቲም እንዴት ይበላሻል?

የመጀመሪያው ጉዳት ቀዳዳ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አገራችን ለረጅም ዘመን የተገበያየችበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ማየት ይበቃል። ይህ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ እየተበሳ ወይም ጆሮ እየተበየደለት የአንገት ጌጥ ሆኗል። ለጌጥነቱ አልተጎዳም፤ እንዲያውም አምሯል። ሳንቲም ሰብሳቢ ግን የተበሳውንና ያልተበሳውን በአንድ ዋጋ አይገዛም። ብየዳም ከመብሳት አይሻልም፤ የእሳቱ ሙቀት የፊቱን የመጀመሪያ ነጸብራቅ ያጠፋል።

ሁለተኛው ሙጫ ነው። ፈጥኖ የሚደርቅ ሙጫ በሳንቲሙ ጥቃቅን ፊደላትና መስመሮች መካከል ይገባል። ሲያስለቅቁት መፋቅ ይመጣል፣ መፋቅ ደግሞ ጭረት ነው። ፕላስተርም ማጣበቂያውን ፊቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ቦታው ከጊዜ በኋላ ቀለሙ ይለወጣል።

ሦስተኛው ሰው ብዙም የማያስበው ነው፤ ዝም ብሎ አብሮ ማስቀመጥ። መለያውና ሳንቲሙ በአንድ ከረጢት ውስጥ ልቅ ሆነው ከተቀመጡ በየእርምጃው ይፋተጋሉ። የመለያው ጠርዝና የሰንሰለቱ ዶቃ የሳንቲሙን ፊት ይጭራሉ፤ በተለይ እንደ መስተዋት ተወልውሎ በወጣ መታሰቢያ ሳንቲም ላይ ጭረቱ ወዲያው ይታያል። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ የሁለት ዓይነት ብረቶች መነካካት ዝገትን ያፋጥናል።

አራተኛው የማሸጊያው ነገር ነው። ፒቪሲ ከሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የሚሠሩ የሳንቲም ኪሶች እየቆዩ ሲሄዱ ኬሚካል ያወጣሉ፤ መዳብ ያለበት ሳንቲም ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ሽፋን ይተዋሉ። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ድኝ ስላለበት ብርን ያጠቁራል። የጣት ላብና ቅባትም ዐሻራ ሆኖ ብረቱ ላይ ይቀራል። ዐሻራውን ለማስለቀቅ በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና መወልወል ከዐሻራው የባሰ ጉዳት ነው፤ የተወለወለን ሳንቲም ሰብሳቢ በአንድ ዕይታ ይለየዋል።

የሚታሰረው ማኅደሩ ነው

የብራና መጽሐፍ የሚንጠለጠለው በማኅደሩ ነው፤ ማንገቻው የሚሰፋው ቆዳው ላይ ነው፣ ብራናውን በስቶ ገመድ የሚያስገባበት የለም። ለሳንቲምም መንገዱ ይኸው ነው። ሳንቲሙ ማኅደር ውስጥ ይገባል፣ መለያው ከማኅደሩ ውጭ ይታሰራል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አሜሪካ ከ1999 እስከ 2008 በየዓመቱ አምስት፣ በጠቅላላው ለ50 ግዛቶቿ መታሰቢያ የሆኑ ኳርተሮችን፣ ማለትም የሩብ ዶላር ሳንቲሞችን፣ አወጣች። የኦሪገኑ በ2005 የወጣ ሲሆን ክሬተር ሌክ የተባለው ሐይቅ ተቀርጾበታል። ጂኦካቺንግ የተወለደበት ግዛት ሳንቲም ስለሆነ ለጉዞው ይስማማል። ስፋቱ 24.26 ሚሊ ሜትር ነው። ጠርዙን ወደ ብርሃን ቢያዞሩት በነጩ መካከል ቀይ መስመር ይታያል፤ ውስጡ መዳብ፣ ሁለቱ ፊቶቹ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል ናቸውና።

እጅዎን ታጥበው ያድርቁ፤ ሳንቲሙንም ፊቱን ሳይነኩ በጠርዙ ብቻ ይያዙ። ለኳርተር ልክ የሚሆን ክብ፣ ጠንካራና ጥርት ያለ የፕላስቲክ ማኅደር በሳንቲም ዕቃ መሸጫዎች በትንሽ ዋጋ ይገኛል። ልኩ ወሳኝ ነው፤ ከሰፋ ሳንቲሙ ውስጡ እየተንኳኳ ጠርዙ ይጎዳል፣ ከጠበበ ደግሞ በግድ ሲገባ ይጫራል። ሳንቲሙን አስገብተው ክዳኑን ይጫኑ። ጉዞ ላይ እንዳይከፈት የማኅደሩን ዙሪያ በቀጭን ፕላስተር ያሽጉት፤ ፕላስተሩ የሚነካው ፕላስቲኩን ብቻ ስለሆነ ሳንቲሙ ምንም አይሆንም።

ቀጥሎ መለያውን ማሰር ነው። ቀላሉ መንገድ ማኅደሩን አፉ በገመድ በሚሳብ የናይለን መረብ ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ሰንሰለቱን በገመዱ ቋጠሮ ማሳለፍ ነው። ከረጢቱ መረብ ከሆነ ያገኘው ሰው ሳይፈታው ሳንቲሙን ያያል፤ ለመክፈትም አይፈተንም። ሌላው መንገድ ከፋብሪካው የቁልፍ መያዣ ቀለበት ተበጅቶለት የሚሸጥ ማኅደር መግዛት ነው። ማኅደሩን ራሱን መብሳት የሚፈልግ ደግሞ ገና ባዶ ሳለ፣ ከሳንቲሙ መቀመጫ ውጭ ባለው ከንፈሩ ላይ ይብሳው። ብናኙን በደንብ ካራገፈ በኋላ ሳንቲሙን ያስገባ።

እርጥበትና የሰው እጅ

ድብቅ ሣጥን ሁልጊዜ ደረቅ አይደለም። ክዳኑ በደንብ ያልተዘጋ ሣጥን ዝናብ ያስገባል። የሳንቲሙ ማኅደር አቧራ ይከላከላል እንጂ ውኃ ሙሉ በሙሉ አያቆምም። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ዚፕ ባለው የፖሊኢትሊን ከረጢት ውስጥ ማስገባትና ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ እሽግ መጨመር ይጠቅማል። በጣም ትንንሽ ሣጥኖች ይህን ሁሉ አይዙም፤ ሰፋ ያለ ሣጥን እስኪገኝ መቆየት ይሻላል።

በጨዋታው ልማድ ሣጥን ውስጥ ያለን ተራ ዕቃ በሌላ ዕቃ ለውጦ መውሰድ ይቻላል፤ መለያ ያለው ዕቃ ግን ወደ ሌላ ሣጥን ማለፍ አለበት። ሳንቲም ሲያይ ይህን የሚረሳ ወይም ከመጀመሪያው የማያውቅ አይጠፋም። አንዲት ትንሽ ወረቀት ከረጢቱ ውስጥ ይጨምሩ፤ ሳንቲሙ ተጓዥ መሆኑን፣ ከማኅደሩ እንዳይወጣና ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ይጻፉበት። ለድረ ገጽ ፎቶ ሲያነሡ ደግሞ መለያውን በጀርባው ያዙሩት። ቁጥሩ ከታየ ዕቃውን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች አየነው ብለው ይመዘግባሉ፣ የጉዞው ታሪክም ይዛባል።

የትኛው ይሂድ፣ የትኛው ይቅር?

ማኅደር ሳንቲምን ከጭረት ያድናል እንጂ ከመጥፋት አያድንም፤ ተጓዥ ዕቃዎች ደግሞ ይጠፋሉ። የአፄ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለበት የወርቅ መታሰቢያ ሳንቲም፣ 90 ከመቶው ብር የሆነው የ1964ቱ የኬኔዲ ግማሽ ዶላር ወይም ከአያት የወረደ ብር ካለዎት ቤት ይቅር። የሁለቱንም ፊት ፎቶ በካርድ አሳትመው በፕላስቲክ ያስለብጡትና ካርዱን በስተው መለያውን ይሰሩበት። ካርድ ቢበሳ የሚያዝንለት ሰብሳቢ የለም፤ የሳንቲሙም ታሪክ ይነገራል።

እንደ ኦሪገኑ ኳርተር ያለ በብዛት የተመታ ሳንቲም ግን ራሱ ይሂድ። ቢጠፋ የጠፋው ሩብ ዶላርና አንድ ማኅደር ነው። መለያውም አብሮ ቢሄድ፣ ቤት የቀረው ሁለተኛው መለያ ያንኑ ቁጥር ይዟል። ሌላ ኳርተር በሌላ ማኅደር ያስገቡና ያንን ይሰሩበት፤ በድረ ገጹ ላይ ያለው የጉዞ መዝገብም ከቆመበት ይቀጥላል።