ኅብር ሌላ፣ ብርሃን ሌላ

ሰማያዊ ቀለም እምነትን ያሳድራል፣ ቀይ ገዢን ያጣድፋል፣ አረንጓዴም ልብን ያረጋጋል የሚል ሰንጠረዥ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዛወር ከርሞ ወደ እኔም ደረሰ፤ የላከልኝ ወዳጄም ለንግዱ በሚያሠራው ድረ ገጽ ላይ ከነዚህ የትኛው ይሻለኛል ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ይህን የሚነግርህ ኮከብ ቆጣሪ እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ መለስሁለት። ቀለም ልቡናን አይነካም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ለኅብር ፍቺውን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የአገር ልማድ ስለ ሆነ፣ በአውሮፓ ሙሽራ የምትደምቅበት ነጭ በቻይና ጥንታዊ ሥርዓት የሐዘን ልብስ ሆኖ ሲገኝ፣ አንድ ሰንጠረዥ ለአዳም ዘር ሁሉ ሕግ ሊሆን አይችልም።

ብርሃን ምን እንደ ሆነ፣ ኒውተንም በመስተዋት እንዴት እንደ በተነው አንባቢ ከተማሪ ቤት ይዞት የወጣ ዕውቀት ነውና እንለፈው። ገጽን የሚያስነብበው ኅብሩ ሳይሆን በፊደሉና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ነው። (ይህን አንዳንዶች «ንጽጽር» ይሉታል፤ ንጽጽር ግን ማስተያየት ነው። «ተቃርኖ» የሚሉም አሉ፤ እርሱ ደግሞ የፖለቲካ ሽታ አለው። ስለዚህ እኔ ልዩነት ብዬ እቀጥላለሁ።)

በዓይናችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀለምን የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት ሲኖሩ፣ ለሰማያዊ ንቁ የሆኑት ከዐሥር አንዱን ያህል እንኳ የማይሞሉ፣ ፊደል በምናነብበት በዓይን እምብርት መካከል ላይም ጨርሶ የሌሉ በመሆናቸው፣ የፊደልን ደቃቅ ቅርጽ ወደ አእምሮ የሚያደርሱት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ኅብር የዜማ ጣዕም ቢሆን ብርሃን ቃሉ ነው፤ ኅብር ልብስ ቢሆን ብርሃን አጥንቱ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን የአምላክንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ሲጽፉ ክብሩን ለኅብር ሰጡ እንጂ ንባቡን አልነሡትም፤ ቀዩም ጥቁሩም ከፈዛዛው ብራና ይልቅ የጠቆሩ ናቸውና። ሰ ከሱ፣ በ ከቡ የሚለይባት ያቺ ትንሽ ጭረት የምትኖረው በዚህ ልዩነት ነው።

ነገሩ በቁጥር ይመዘናል። ስክሪን ነጭ ሲያበራ ከብርሃኑ 72 በመቶ ያህሉ ከአረንጓዴው፣ 21 በመቶው ከቀዩ፣ 7 በመቶው ብቻ ከሰማያዊው መብራት ስለሚመነጭ፣ ከቀይና ከአረንጓዴ የሚወለደው ቢጫ የነጩን 93 በመቶ ያበራል፤ ስለዚህም በነጭ ላይ የተጻፈ ቢጫ በወተት ላይ እንደ ጠብታ ወተት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ይህን ልዩነት ከ1 እስከ 21 እየመዘነ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 እንዲሆን ሲያዝ፣ ንጹሕ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07፣ ንጹሕ ቀይ 4፣ ንጹሕ ሰማያዊ ግን 8.6 ያመጣል። ያው የተመሰገነው ሰማያዊ በጥቁር ላይ ሲወድቅ 2.4 ብቻ ነው፤ «እምነትን የሚያሳድረው» በየትኛው ላይ ሲሆን እንደ ሆነ ሰንጠረዡ አይነግረንም።

ኅብር ደግሞ ለሁሉ ዓይን አንድ አይደለም፤ ከአውሮፓውያን ወንዶች ከመቶ ስምንት ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን በሚገባ አይለዩም፤ ስሕተትን በቀይ ቀለም ብቻ የሚያመለክት ቅጽ ለእነርሱ ምንም አላመለከተም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ መናዘዝ ይገባኛል፤ ይህ የምመካበት የመመሪያው ቀመር በባለሙያዎች ዘንድ የሚያከራክር ነው። ብርቱካናማ ቁልፍ ላይ ከነጭ ይልቅ ጥቁር ጽሑፍ ይነበባል ብሎ ሲፈርድ፣ ነጩ ይቀለናል የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው፤ በጠቆሩ ቀለሞች መካከል ያለውን ልዩነት አብዝቶ ይቈጥራል፤ ጥቁር በነጭ ላይ ቢሆን ነጭ በጥቁር ላይ፣ ለእርሱ አንድ ነው፤ የፊደሉንም ውፍረት አይመዝንም። ይህን ሁሉ ለማረም የታሰበ ሌላ ቀመር ቀርቦ ገና በክርክር ላይ ነው። ሆኖም ቢጫን በነጭ ላይ የሚያድን ቀመር አላየሁም።

ወዳጄን ሌላ ሰንጠረዥ አልሰጠሁትም፤ የስልክህን ስክሪን ከቅንብሩ ገብተህ ግራጫ አድርገውና ገጽህን በቀትር ፀሐይ ደጅ ቆመህ አንብበው አልሁት። እንዳልሁት ቢያደርግ፣ በነጭ መደብ ላይ በቢጫ ያስጻፈው «ይዘዙ» የሚለው ቃል ከገጹ ላይ ጠፋበት።