ወተመህ፦ ወላጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለው ድምፅ

ጀሞም ሆነ ለቡ፣ ጎፋም ሆነ ሃና ማርያም፣ ልጁን የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የንፋስ ስልክ ላፍቶ ወላጅ ወተመህ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። የወላጅ፣ የተማሪና የመምህራን ኅብረት ነው። ወላጆች ተወካዮቻቸውን በጠቅላላ ስብሰባ ይመርጣሉ፤ መምህራንና ተማሪዎችም የራሳቸውን ይልካሉ። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፤ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተቀምጠው ስለ ዕቅድ፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ትምህርት ጥራት ይመክራሉ። ትምህርት ቤቱ ያልቻለውን ጉዳይ ደግሞ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያደርሳሉ።

ወላጅን ያላማከረ የትምህርት ምክር ምን እንደሚያስከትል አገራችን አይታዋለች። በ1964 ዓ.ም. በንጉሡ መንግሥት ትእዛዝ የአገር ውስጥና የውጭ ባለሙያዎች የትምህርቱን ዘርፍ ገምግመው ሴክተር ሪቪው የተባለ ሰፊ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ። የሴክተር ሪቪው ይዘት ለሕዝብ ሲገለጥ ግን ወላጆች ልጆቻችን ከከፍተኛ ትምህርት ሊታገዱ ነው ብለው ሰጉ፣ መምህራንም በየካቲት 1966 ሥራ አቆሙ። መንግሥት ዕቅዱን ለማቆየት ተገደደ። በደርግ ዘመን የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች ተቋቋሙ፤ የ1994ቱ የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያም ለወላጅና መምህር ኅብረት የሥራ ድርሻ ሰጠው።

ዛሬ ትልቁ አጀንዳ የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠበት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ። መሻሻል ነው፤ ግን ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና ሁለት ያህሉ ከማለፊያው በታች ነው የቀረው።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። ስለዚህ አንድ ልጅ ከ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና እስከ 12ኛ ድረስ አራት ዓመት የሚጓዘው በትምህርት ቤቱ በራሱ ማርክ እየተመዘነ ነው። ካርዱ ላይ 80 የተጻፈለት ልጅ ብሔራዊ ፈተናው ላይ ቢወድቅ ወላጁ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። በዚህ መካከል ማርኩን ጠጋ ብሎ ሊያይ የሚችለው የወላጅ ወኪል ወተመህ ነው።

ዋናው መሣሪያው የክፍል ሮስተር ነው። የተማሪ ስም ወደ ታች፣ የትምህርት ዓይነት ወደ ጎን ተደርድሮ፣ ከ50 በታች የሆነው ውጤት በቀይ ይጻፋል። ወላጅ ወደ ጎን ያነባል፤ ዓይኑ የሚፈልገው የልጁን ስም ነው። የኅብረቱ አባል ግን ወደ ታችም ማንበብ አለበት። የሒሳብ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ከቀላ ጥያቄው ስለ ልጆቹ ብቻ አይደለም፤ መምህሩ በሴሚስተሩ መካከል ተቀይሮ እንደሆነ፣ መጽሐፉ ለሁሉም ደርሶ እንደሆነ፣ ምዕራፉ ተሸፍኖ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአንድ ልጅ ረድፍ ብቻ ከቀላ ደግሞ የቀሪ መዝገቡን አይቶ ቤተሰቡን መጥራት ነው።

ከዚያ የሚመጣው መፍትሔ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ክፍት የሚሆን ቤተ መጻሕፍት፣ ሞዴል ፈተናን ከማረም አልፎ ከተማሪው ጋር መልሶ መሥራት። ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። ሞዴል ፈተና ካለፈ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ለዘንድሮው ተፈታኝ ብዙም አይጠቅመውም፤ የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ሮስተር ላይ የሚደረገው ግን የሦስት ዓመት ተኩል ጊዜ ይሰጣል።

ስለዚህ የአጥር እድሳትና የመዋጮ ጉዳይ አጀንዳውን ሁሉ ሲይዘው ወላጅ እጁን አንሥቶ መጠየቅ ይችላል፦ የ9ኛ ክፍል ሮስተር ታይቷል? የትኛው ትምህርት ወድቋል? ማን፣ እስከ መቼ ምን ሊሠራ ተስማማ? መልሱ በቃለ ጉባኤ ከተጻፈ በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ሰው ሊጠይቅበት ይችላል።